ከአረጋዊት እናትና ከሁለት ልጆች ጋር የኑረምበርግን የገና ገበያ ለማየት የትኛው ቀን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከሙኒክ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በዚህ ዓመት የገና ገበያ ወቅት እናቴንና ሁለት ሴት ልጆቼን ይዤ በባቡር ወደ ኑረምበርግ ለመሄድ አስቤአለሁ። በሙኒክም የገና ገበያ ሞልቷል፤ ነገር ግን ልጆቼ የወርቅ አክሊል ደፍታ የኑረምበርግን ገበያ ስለምትከፍተው ወጣት፣ ስለ ክሪስትኪንድ፣ በትምህርት ቤት ስለ ተነገራቸው እሷን ካላየን ብለውኛል። እናቴ ደግሞ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ለረጅም ጊዜ መቆም አይችሉም። በመክፈቻው ምሽት ብንገኝ ይሻላል ወይስ በሌላ ቀን? እናቴስ አረፍ የሚሉበት ሞቅ ያለ ስፍራ በአቅራቢያው ይገኛል? ከሚሸጠውስ ዕቃ በእርግጥ የከተማዋ የሆነው የትኛው እንደሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ምላሽ፦ ከኑረምበርግ ነዋሪ

ውድ እህቴ፣ የመክፈቻውን ምሽት ቢተዉት እመክራለሁ። መክፈቻው ከገና በፊት ካሉት አራት የአድቬንት እሑዶች ከመጀመሪያው ቀደም ብሎ በሚውለው ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይከናወናል። ክሪስትኪንድ ከፍራውኤንኪርሼ ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ ሆና ንግግሯን ስታሰማ ሀውፕትማርክት የሚባለው አደባባይ በሰው ስለሚጠቀጠቅ፣ ልጆችዎ የሚያዩት የፊታቸውን ሰው ጀርባ ነው፤ እናትዎም መውጣት ቢፈልጉ መውጫ አያገኙም። ደግነቱ ይህችው ወጣት በወቅቱ ውስጥ በሥራ ቀናት ከሰዓት በኋላ ወደ ልጆች ገበያ እየመጣች ሕፃናቱን በቅርብ ታነጋግራለች። የልጆቹ ገበያ ከዋናው አደባባይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚያስኬደው በሀንስ ዛክስ አደባባይ ላይ ሲሆን፣ ከመጫወቻዎቹ ሌላ ልጆች በገዛ እጃቸው ብስኩት የሚጋግሩባቸውና ሻማ የሚሠሩባቸው ዳሶች አሉት። የምትመጣባቸውን ቀናት ከከተማው መርሐ ግብር አይተው ጉዞዎን በዚያው ቀን ያድርጉ።

ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ካሉት ቀናት አንዱን መርጠው ጠዋት፣ ገበያው በሚከፈትበት በ4 ሰዓት ገደማ ቢደርሱ ዳሶቹን ያለ ግፊያ ያያሉ። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ዩ 1 በሚባለው የምድር ባቡር አንድ ፌርማታ ሄደው ሎሬንስኪርሼ ላይ ይውረዱ፤ ጣቢያው አሳንሰር ስላለው ለእናትዎ ይመቻል። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወደ ፔግኒትስ ወንዝ ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ያደርስዎታል። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ በፍራውኤንኪርሼ ፊት ቁሙ፦ በ1509 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የተሠራው ሰዓት ሲደውል ንጉሡን ይመርጡ የነበሩት የሰባቱ መሳፍንት ምስሎች በንጉሠ ነገሥት ካርል 4ኛ ምስል ዙሪያ ሲዞሩ ይታያል። ትርኢቱ ንጉሠ ነገሥቱ በ1356 ያወጣውን የንጉሥ አመራረጥ ሕግ የሚያስታውስ ነው።

ለማረፊያ ከምግብ ቤት ይልቅ የቅዱስ ሎሬንስን ቤተ ክርስቲያን እመርጥላችኋለሁ። እናትዎ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀና ቢሉ፣ ፋይት ሽቶስ በ1518 ከእንጨት ቀርጾ የፈጸመውን፣ ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበሥር የሚያሳየውን ትልቅ ሥራ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ያዩታል። ከገበያው ጩኸት በኋላ የበዓሉን መነሻ እንዲህ ተቀምጦ መመልከት ለእኔ ከማንኛውም ዳስ ይበልጣል።

ምላሽ፦ ከገበያው ዘወትር ሸማች

ስለ ዕቃው ልጨምር። የኑረምበርግ ገበያ ከብዙዎቹ የሚለየው ከተማው በዳሶቹ ላይ ጥብቅ ደንብ ስላለው ነው፤ የፕላስቲክ ጌጥ መስቀልና በቴፕ የተቀዳ መዝሙር ማሰማት አይፈቀድም። ከደረቀ ፕሪም ፍሬ የሚሠሩት ትንንሽ የሰው ምስሎች የከተማዋ ሥራ ናቸው፤ እጅና እግራቸው ፕሪም በሽቦ ላይ ተሰክቶ ሲሆን ጭንቅላታቸው ዋልነት ነው። ሻጩን ቢጠይቁት አሠራሩን በደስታ ያሳይዎታል፤ ለልጆችም ከመግዛቱ ይልቅ ይህ ይሻላል።

ሌብኩኸን የሚባለውን የቅመም ኬክ ሲገዙ ኤሊዘን የሚል ስም ያለበትን ይፈልጉ። ይህ ስም እንዲሰጠው ቢያንስ 25 በመቶው አልሞንድ፣ ሀዝልነት ወይም ዋልነት ሊሆን ይገባል፤ ዱቄቱም ከ10 በመቶ አይበልጥም። በቀይ ልብ ቅርጽ ተሠርቶ ጽሑፍ የተጻፈበት ግን ለዓይን እንጂ ለአፍ አይደለም። ቋሊማው ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚረዝም ሲሆን ሦስቱ በአንድ ዳቦ ውስጥ ሆነው ይሰጣሉ። ትኩስ መጠጥ ሲያዙ ለኩባያው ማስያዣ ይከፍላሉ፤ ኩባያውን ሲመልሱ ገንዘቡ ይመለስልዎታል፣ ካማረዎትም ይዘውት መሄድ ይችላሉ። ለልጆቹ አልኮል የሌለበትን ኪንደርፑንሽ ብለው ይዘዙ። ካርድ የማይቀበሉ ዳሶች ስላሉ ጥሬ ዩሮ፣ በተለይም ዝርዝሩን፣ ይያዙ።

ምላሽ፦ ከታሪክ መምህር

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ነገር ግን እኩለ ቀን ላይ አይተው እንዳይመለሱ አደራ። በዲሴምበር ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ስለምትጠልቅ፣ ሠራተኛው ከሥራ ወጥቶ አደባባዩን ከመሙላቱ በፊት የመብራቱን ውበት ለማየት አንድ ሰዓት ያህል ይኖርዎታል።

ትልቋ ልጅዎ ታሪክ የምትወድ ከሆነ ደግሞ የጀርመን ብሔራዊ ሙዚየም ከባቡር ጣቢያው ብዙም አይርቅም። ስለ ገበያው የተገኘው ጥንታዊ የጽሑፍ ማስረጃ፣ 1628 የሚል ዓመት ያለበት የስጦታ ሣጥን፣ ያለው በዚያ ሙዚየም ነው። አደባባዩም ከገበያው በፊት የራሱ ታሪክ አለው። ሀውፕትማርክት የአይሁዳውያን መኖሪያ ሰፈር ነበር፤ በዲሴምበር 5 ቀን 1349 ነዋሪዎቹ በመቶዎች እየተቆጠሩ ተገደሉ፣ ምኩራባቸውም በነበረበት ስፍራ ፍራውኤንኪርሼ ታነጸ። ይህን ለልጆች በሚገባቸው ቋንቋ መንገር የወላጅ ፈንታ ነው፤ አዋቂ ጎብኚ ግን ሳያውቀው ባያልፍ እወዳለሁ።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው በሥራ ቀን፣ ክሪስትኪንድ ወደ ልጆቹ ገበያ በምትመጣበት ዕለት እንሄዳለን። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ታናሿ ልጄ ‹እኔን የምትመስል ክሪስትኪንድ ትኖራለች?› ብላኛለች። ምን ልበላት?

ምላሽ፦ ከኑረምበርግ ነዋሪ

በሙሉ ልብዎ ትኖራለች ይበሏት። ክሪስትኪንድ በየሁለት ዓመቱ የምትመረጠው ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 19 ከሆነ የከተማዋ ወጣት ሴቶች መካከል ነው። በ2019 የተመረጠችው አባቷ ሕንዳዊ የሆነ ወጣት ነበረች፤ ስለ መልኳ የዘረኝነት ጽሑፍ በወጣባት ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከጎኗ ቆሟል፣ እሷም ገበያውን ከሰገነቱ ላይ ሆና ከፍታለች። ልጅዎም ከተማዋ ውስጥ ብታድግ መወዳደር ትችላለች። ቀኑን ሲወስኑ ዲሴምበር 24ን ብቻ ይተዉት፤ በዚያ ዕለት ገበያው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋል።