«አብሮ አደግ» ለተጋቢዎች ይሆናልን?

ጥያቄ፦ ሰሞኑን የአንድ ሠርግ መጥሪያ ካርድ ጽሑፍ እንዳርም ተሰጥቶኝ ነበር። ሙሽሮቹ ግድግዳ በሚጋሩ ሁለት ቤቶች ውስጥ ያደጉ፣ ከፊደል ቆጠራ ጀምሮ ያልተለያዩ ናቸው። ረቂቁ ሙሽራው «የልጅነት ጓደኛውን ሊያገባ ነው» ይላል። እርሱ ግን «የልጅነት ጓደኛውን» የሚለው ወጥቶ «አብሮ አደጉን» እንዲገባለት ለመነኝ። ለእኔ «አብሮ አደግ» ወንድምና እኅት የሚያስመስል፣ ለትዳር የማይመች ቃል ሆኖ ተሰማኝ። ተሳስቼ ይሆን? ጓደኝነታቸው ወደ ፍቅር የተሻገረላቸውን ሰዎች ለይቶ የሚጠራ አንድ ቃልስ አማርኛ አለውን?

መልስ፦ ከኋለኛው ልጀምርና፣ እንዲህ ያለ አንድ ቃል የለንም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ ግን አልቆጥረውም፤ ምክንያቱም አማርኛ ይህን ዓይነቱን ለውጥ የሚናገረው በስም ሳይሆን በግስ ነው።

«አብሮ አደግ» የተሠራው «አርሶ አደር» እና «አርብቶ አደር» በተሠሩበት መንገድ ነው። የፊተኛው ክፍል «አበረ» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን፣ ግእዙ «ኀበረ» ነው፤ «ኅብረት» እና «ማኅበር»ም ከዚያው ናቸው። በግስነቱ «አብሬ አደግሁ፣ አብራ አደገች፣ አብረን አደግን» እያለ ከባለቤቱ ጋር ይለዋወጣል። ስም ሲሆን ግን ይደርቃልና ስለ ሴትም ቢሆን «አብሮ አደጌ ናት» እንላለን እንጂ «አብራ አደጌ» አንልም። እንግዲህ ቃሉ ስለ ደምም ስለ ጾታም የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ ዕድገት ብቻ ነው።

የእርስዎ ስጋት የመጣው ከባህሉ ይመስለኛል። እስከ ሰባት ቤት ዘር በሚቆጠርበት አገር፣ በአንድ መንደር ያደጉ ልጆች ሊጋቡ ሲያስቡ መጀመሪያ የሚመጣው «ትዛመዱ እንደሆነስ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የሥጋ ዝምድና ባይኖር እንኳ ቤተሰቦቹ በክርስትና አበልጅ ከሆኑ ሌላ እንቅፋት ይነሣል። ዘመዳሞቹ ከተለዩ በኋላ ግን የቀረው አብሮ አደግ ከማንም የተሻለ የታወቀ ሰው ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት በአንድ ሽምግልና ላይ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆመው፣ «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉና የልጁን ጨዋነት፣ ትምህርትና ሥራ መዘርዘር ጀመሩ። የልጅቱ አባት ጥቂት ታገሡና፣ «ጋሼ፣ ይህን ልጅ ለእኔ ልታስተዋውቁኝ ነው እንዴ? የወተት ጥርሱን የጣለው በእኔ ቤት ጣራ ላይ ነው» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ንግግር ሲያጠኑ የሰነበቱት ትልቁ ሽማግሌ ብቻ ሳይስቁ ቀሩ። የሽምግልና ቋንቋ የተበጀው የማይተዋወቁ ቤተሰቦችን ለማስተዋወቅ ስለሆነ፣ ለአብሮ አደጎች ሲነገር ሁልጊዜ እንዲህ ትንሽ ይሰፋባቸዋል።

አሁን ወደ ግሶቹ እንለፍ። «ትዳር» የወጣው «ዳረ» ከሚለው ነው፤ የሚድረው ወላጅ ነው፣ ልጅ ደግሞ ይዳራል፤ የራሱ ድርሻ በግሱ ውስጥ አይታይም። «አጨ»ም እንዲሁ፣ «እናቱ ማርያም ለዮሴፍ በታጨች ጊዜ» እንደሚለው፣ ሴቲቱን ተደራጊ አድርጎ ያስቀምጣታል። (በምርጫ ሰሞን የምንሰማው «እጩ» የ«እጮኛ» የሥጋ ዘመድ መሆኑን ሳስታውስ ፈገግ እላለሁ።) «አገባ» ከ«ገባ» የወጣ ነውና አንዱ ሌላውን ወደ ቤቱ ማስገባቱን ይናገራል። «ተጋቡ» ብቻ ነው ሁለቱንም እኩል አድራጊ የሚያደርገው፤ አንዱ ወደ ሌላው ይገባል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የሁለቱንም ነጻና ሙሉ ፈቃድ ሲጠይቅ የሚጠራቸው «ተጋቢዎች» ብሎ ነው። ልጆች ሳሉ ተጫወቱ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ፤ ሲያድጉ ተላመዱ፣ ተዋደዱ፣ ተጋቡ። የአብሮ አደጎች ታሪክ ከዕቃ ዕቃው ጨዋታ እስከ ሠርጉ ድረስ የሚነገረው በዚህ የመደራረግ ቅርጽ ነው፤ እኔ ቃሉ አለን የምለውም ይህንኑ ነው።

«ወዳጅ» የሚለውን ግን ለመጥሪያው አልመክርም። «ወዳጄ ነው» ያለ ነቀፋ ሊነገር ይችላል፤ ወንድ ስለ ሴት «ወዳጄ ናት» ሲል ግን ሰሚው ቅንድቡን ያነሣል፤ «የከንፈር ወዳጅ» የሚለው የገጠር ወግም ከቃሉ ጀርባ ቆሞ ይታያል። «አፈቀረ» ደግሞ ከግእዝ ወደ አማርኛ ሲመጣ ጠብቧል። በግእዝ «አፍቅር ቢጸከ» የሚለው ትእዛዝ በአማርኛ «ባልንጀራህን ውደድ» ሆነ እንጂ «አፍቅር» አልተባለም። ዛሬ «ጓደኛዬን አፈቀርኳት» የሚል ሰው ስለ ጎረቤት ፍቅር እንዳልተናገረ ማንም ያውቃል።

ሌላ አስተያየት፦ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም «ባልንጀራ» በግርድፉ መታለፉ ቅር አሰኝቶኛል። ቃሉ «ባለ እንጀራ» ነው፤ ከአንድ መሶብ የሚቆርስ። «ባለቤት»ም ያንኑ «ባለ» የያዘ ሲሆን ለባልም ለሚስትም እኩል ያገለግላል። እንግዲህ የአብሮ አደጎች መንገድ ከባለ እንጀራነት ወደ ባለ ቤትነት ነው ማለት ነው፤ «ባለ»ው ሳይነካ የያዘው ነገር ብቻ ተለወጠ። «ውሃ አጣጭ»ንም አትርሱ፤ ውሃ አብሮ የሚጠጣ ማለት ሆኖ ዛሬ ለትዳር ጓደኛ ብቻ የሚነገር ይመስላል።

መልስ፦ «ባልንጀራ»ን በመርሳቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ከተዘረዘሩት ስሞች አብዛኞቹ እየተተካኩ የሚሄዱ ናቸው፤ «እጮኛ» የሠርጉ ዕለት ያበቃል፣ «ሙሽራ»ም ከጫጉላው ብዙ አያልፍም። «አብሮ አደግ» ግን ያለፈን ነገር ስለሚጠራ የሚሽረው የለም፤ ከሠርግ በኋላም፣ ከልጆች በኋላም እውነት ሆኖ ይቆያል። ሙሽራው ቃሉን የመረጠው በዚህ የተነሣ ከሆነ ጆሮው ጥሩ ነው። በእኔ ግምት መታረም ያለበት «አብሮ አደጉን» የሚለው ሳይሆን ቀጥሎ ያለው «ሊያገባ» ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ለሁለት ሰዎች ታሪክ አንድ ባለቤት ብቻ ሰጥቶታልና።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምክሩን ይዤ ትናንት ወደ ቤታቸው ብሄድ ረቂቁ ሙሽሪት እጅ ገብቶ ቆየኝ። «ሊያገባ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዛ ከላዩ «ሊጋቡ» ብላ ጽፋለች፤ «አብሮ አደጉን» የሚለውንም «አብሮ አደጎቹ» አድርጋ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ በቀስት ስባዋለች። እርሱ አጠገቧ ተቀምጦ፣ «እኔ እኮ ስምሽን በትልቁ ላስጽፍ ነበር» ይላል። «ዝም በል፣ አንተ ድሮም ድርሰት ከእኔ ነበር የምትገለብጠው» አለችው።