ጥያቄ፦ ሊምፎማ (የመከላከያ ሴሎች ካንሰር) ተብሎ ኬሞ የለም፣ እንክብል ብቻ?

ከሐይቅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ ለእናታችን ከጨጓራዋ በኢንዶስኮፒ (በካሜራ ቱቦ) የተወሰደው ናሙና «ማልት ሊምፎማ፣ ኤች ፓይሎሪ ተገኝቷል» ይላል። ኬሞ ስንጠብቅ የ14 ቀን መድኃኒት ብቻ ታዘዘላት። ይበቃል? ረመዳን ደርሷል፤ ካልጾምኩ ብላለች።

ሐኪም፣ ደሴ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ትክክለኛው ጅማሬ ይኸው ነው። ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ጨጓራን ለዓመታት ሲያስቆጣ የመከላከያ ሴሎች እዚያው ተሰብስበው ይባዛሉ። እሱ ሲጠፋ ቀስቃሽ ያጡና ይከስማሉ፤ ይህ ከ1993 ጀምሮ የታወቀ ነው። ሊምፎማው ከጨጓራ ሳይወጣ ከተደረሰበት ከአራት ሰው ሦስቱ ገደማ በዚሁ ብቻ ይጠፋላቸዋል። ውጤቱ ላይ «ላርጅ ሴል» (ትልልቅ ሴሎች) የሚል ካለ ግን ሌላ በሽታ ነው፣ ኬሞ ይፈልጋል። ከጨጓራ መውጣት አለመውጣቱን ለማየት ሲቲ ስካን ካልተነሳች ጠይቁ።

ፋርማሲስት፣ ኮምቦልቻ፦
የተለመደው አሰጣጥ፦ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም፣ ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊግራም፣ አሞክሳሲሊን 1 ግራም (ባለ 500 ከሆነ ሁለት ፍሬ)፤ ሁሉም በቀን ሁለቴ። ሐኪሟ መጾም ከፈቀደላት ለኢፍጣርና ለሱሁር ይገጥማል፦ በተምር አፍጥራ ኦሜፕራዞሉን ትዋጥ፣ መግሪብ ሰግዳ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትብላ፣ ሌሎቹን ከምግቡ ጋር።
አፍ ይመራል፣ ሆድ ይለቃል፤ ብዙ ሰው በሳምንቱ የሚያቋርጠው ለዚህ ነው። የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምዳል። ያኔ ክላሪትሮማይሲንን መድገም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ወደ ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል ይዞራል። ፔኒሲሊን የማይስማማት ከሆነ ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት ሲምቫስታቲን የምትወስድ ከሆነ ሳትጀምር ተናገሩ።

ከሐይቅ፦
«ላርጅ ሴል» የሚል የለም፣ አልሐምዱሊላህ። ስትጨርስ የደም ምርመራ እናሠራ?

ሐኪም፣ ደሴ፦
ደም አይሆንም! ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለወራት ስለሚቆይ «ፖዘቲቭ» ብሎ በከንቱ ያስደነግጣችኋል። የሰገራ አንቲጅን (ባክቴሪያውን ራሱን በሰገራ የሚፈልግ ምርመራ) አሠሩ፤ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ከ6 ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ ቢያንስ 2 ሳምንት ሆኖት። አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «ኔጌቲቭ» ሊል ይችላል። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ኢንዶስኮፒው ከነናሙናው ይደገማል። ባክቴሪያው ጠፍቶ ሊምፎማው ትንሽ ቢታይ አትደንግጡ፣ ሙሉ በሙሉ ለመክሰም ከዓመት በላይ የሚፈጅበት አለ። ከቀጠለ ወይም ካደገ ጨረር ነው፤ ጥቁር አንበሳ ይላካል።

ፋርማሲስት፣ ኮምቦልቻ፦
አንድ ልጨምር። ቢስመዝ ወይም የአይረን ክኒን ሳትወስድ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደም ነው፤ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።