ላለመናገር ግዴታ ልፈርም?

አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመጻሕፍት መደብር በሻጭነት ስሠራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ወር ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ የመደብሩን ስም ሳልጠቅስ፣ ስለ አገራችን ፖለቲካ ያለኝን አስተያየት በግል የፌስቡክ ገጼ ላይ ጽፌ ነበር፤ ይህንን ያነበበ አንድ ደንበኛ ቅሬታ በማቅረቡ፣ ከእንግዲህ በየትኛውም ቦታ የፖለቲካ ሐሳብ ላለመግለጽ ግዴታ እንድፈርም እስከ ሰኞ ጊዜ ተሰጥቶኛል። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ መደብሩ ከአንድ ወገን ጋር እንዳይፈረጅ መስጋታቸው ይገባኛል። እኔም ብሆን የማልስማማበትን መጽሐፍ ለጠየቀኝ ሁሉ ሳላንገራግር አቀርባለሁ፤ ሥራዬ ነውና።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን እንደሚያረጋግጥ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 ደግሞ የፖለቲካ አመለካከትን ለስንብት በቂ ምክንያት አድርጎ እንደማይቀበል አንብቤአለሁ። ያልገባኝ ግን በፈቃዴ ከፈረምኩ በኋላ ይህ ጥበቃ ይጸናልኝ እንደሆነ ነው። ባልፈርምስ ትእዛዝ አልቀበልም ብላለች ተብዬ ልሰናበት እችላለሁ? ግዴታው በሥራ ሰዓትና በመደብሩ ስም በሚነገረው ብቻ እንዲወሰን በጽሑፍ ለመጠየቅ አስቤአለሁ፤ ደብዳቤውን እንዴት ባዘጋጀው እንደሚሻል፣ የሕግ ዕውቀት ያላችሁ ወይም በዚህ ንግድ ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ፣ እባካችሁ ከሰኞ በፊት ምከሩኝ።