ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ኪሴ እየሳሳ ነው፤ እየዞራችሁ የምትሠሩ እንዴት ነው የምትችሉት?

ፍሪጅ ጠጋኙ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ማሽን እጠግናለሁ። ብቻዬን ነኝ፣ ረዳትም ሱቅም የለኝም፣ ሱቄ ያቺ አሮጌ ቫኔ ናት። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ዋጋ ላይ ልጨምር እላለሁ፣ ከዛ ደንበኛ ይሸሻል ብዬ እተወዋለሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ የምሠራው ለራሴ ይሁን ለነዳጅ ማደያው ግራ እየገባኝ መጥቷል።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ከከተማ ዳር እስከ ዳር ሄጄ፣ ማሽኑን ፈትቼ አይቼ፣ የሚቀየረው ዕቃ ሳይኖረኝ ሲቀርና በሌላ ቀን እንደገና ስመለስ ነው። ወይ ደግሞ ደርሼ ሳንኳኳ ሰውየው የለም። ወይ «አይ፣ ከደወልኩልህ በኋላ ራሱ መሥራት ጀመረ» ይሉኛል፣ በፈገግታ። ስልክ ላይ የትራንስፖርት ትከፍላለህ ስለው ጆሮዬ ላይ የሚዘጋም ሞልቷል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ነዳጁን ደንበኛው ላይ እንዴት ነው የምታስቡት፣ ለብቻው ነው ወይስ ከሥራው ዋጋ ጋር ቀላቅላችሁ? ሌላው፣ ከመኪናው በኩል በእርግጥ የሚቆጥብ ነገር አለ ወይ? ታንከር ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ አለ ይሉኛል፣ ቁልቁለት ላይ ፎሌ አድርገህ፣ ማለትም ማርሽ አውጥተህ፣ ልቀቃት የሚለኝም አለ።


ቧንቧ ብቻ፦

ወንድሜ፣ ደንበኛ ይሸሻል የምትላት ነገር ላይ ቆም በል። የሚሸሸው የትኛው ደንበኛ ነው? መምጫ ይከፈላል ሲባል ስልክ የሚዘጋው ሰው፣ ብትሄድለትም በሥራው ዋጋ ተከራክሮህ፣ «እስቲ ላስብበት» ብሎ ባዶ እጅህን ነው የሚመልስህ። እሱ ዘጋ ማለት ነዳጅህ ታንከርህ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

እኔ ለብቻው ነው የምቀበለው። ግን «የነዳጅ» አልለውም፣ «የመምጫና የምርመራ» ነው የምለው። የነዳጅ ካልከው ሰው ሁሉ ድንገት ሹፌር ይሆንብሃል፣ «ከዚህ እዚያ ስንት ሊትር ይፈጃል?» የሚል ክርክር ይጀመራል። መምጫ ግን ነዳጁም ጎማውም ዘይቱም መንገድ ላይ ያለቀው ሰዓትህም ነው። በኪሎሜትር አትቁጠር። የምትሠራበትን አካባቢ ቅርብ፣ መካከለኛ፣ ሩቅ ብለህ ክፈለው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቁርጥ ዋጋ አውጣለት። ከመነሳትህ በፊት በስልክ ተናገር፣ ከዛ በጽሑፍ ላክለት። ጠብ የሚያመጣው ክፍያው አይደለም፣ በር ላይ ከደረስክ በኋላ ስትናገረው ነው።

«ካሠራህ ከጥገናው ላይ እቀንስልሃለሁ» የሚሉ ልጆች አሉ። ደንበኛ ለመሳብ ጥሩ ነው ይላሉ። እኔ አልወደውም፣ ቢያሠራም ባያሠራም ነዳጁ ነዷል።


የጋራዡ ልጅ፦

ስለ መኪናው እኔ ልመልስልህ። ፈሳሹን እርሳው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ነገሮችን ፈትሾ፣ ጥቅም ያገኘባቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ እነሱም ትንሽ ነገር ነው። ነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰረው ማግኔት ሳይቀር ተፈትሿል። ገንዘብህን ውሃ አታስበላው።

ፎሌ ደግሞ ተው። መኪናህ ኢንጀክሽን ከሆነ፣ ማለትም ነዳጁን በኮምፒውተር የሚመጥን ከሆነ፣ ማርሽ ውስጥ እንዳለ ቁልቁለት ላይ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ፎሌ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ፣ በዝቅተኛው ዙሩ፣ ነዳጅ ይጠጣል። ቆጠብኩ ብለህ ታወጣለህ ማለት ነው። ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና ላይ ሂሳቡ ይለያል፣ ቢሆንም ዕቃ የጫነ ቫን በፎሌ ቁልቁል ሲወርድ ሸክሙን ሁሉ የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው፣ ፍሬን ደግሞ ሲግል አይዝም። ሞተሩን አጥፍተህ ልውረድ ካልክማ የፍሬኑም የመሪውም ረዳት አብሮ ይጠፋል። ይህን የሚመክርህ ሰው ወዳጅህ አይደለም።

የሚሠራው አሰልቺ የሆነው ነገር ነው። ጎማ። የአራቱም ጎማ ንፋስ በአንድ ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው) በቀነሰ ቁጥር ፍጆታህ 0.2 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ትንሽ ይመስላል፣ አራቱም ጎማ 10 ከጎደለ ግን 2 በመቶ ነው፣ ጎማውም ቶሎ ያልቃል። ልኩን ከጎማው ጎን ላይ አታንብብ፣ እዛ የተጻፈው የመጨረሻ የሚችለው ነው። ትክክለኛው በሾፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ ነው የሚለጠፈው። ዕቃ ስለምትጭን የኋላው ከፊተኛው ሊበልጥ ይችላል። ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ለካ።

ከዛ ፖርቶ መጋላው፣ ጣሪያ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ። መሰላል ካልያዝክ ፍታው። ጣሪያ ላይ የተጫነ ነገር ንፋስ ይይዛል፣ በተለይ ረጅም መንገድ ላይ። የንፋስ ግፊት በፍጥነት ካሬ ነው የሚያድገው፣ ለዚህ ነው ከ80 ኪ.ሜ በላይ ስትነዳ ነዳጁ በዓይን የሚታይ ያህል የሚወርደው። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ የነዳጅ ቀውስ ሲገጥማት መጀመሪያ ካደረገቻቸው ነገሮች አንዱ የፍጥነት ወሰኑን በሰዓት 55 ማይል፣ 88 ኪ.ሜ ገደማ ማድረግ ነበር። ሾፌሩ ሁሉ ተሳድቧል ይባላል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቆመህ ደንበኛ ስትጠብቅ ሞተር አጥፋ። እንደ ሞተሩ መጠንና ኤሲው በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ይፈጃል፣ ለማስነሳት የሚያስፈልገው ግን የ10 ሰከንድ ያህል ነዳጅ ብቻ ነው። ባትሪህ የደከመ ከሆነ እንኳ ባትሪውን መቀየር ይሻልሃል። ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ዘይት በጊዜው ይሁን። የቼክ ኢንጅን መብራት ከበራብህ ደግሞ ችላ አትበል። የተበላሸ የኦክስጅን ሴንሰር ብቻውን ነዳጅ እንደ ጉድ ያስበላል።


ፍሪጅ ጠጋኙ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ፖርቶ መጋላው ዛሬውኑ ይወርዳል። የኔ ችግር ክብደትም ነው፣ ቫኗ ውስጥ የሌለ ነገር የለም፣ ያረጀ ኮምፕሬሰር፣ ሞተር፣ ቺንጋ (ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ)፣ ፓምፕ። ልቀንሰው እያሰብኩ ነው።


ኤሌክትሪሺያኑ፦

ክብደት ቀንስ፣ ግን ምን እንደምትቀንስ እወቅ! 45 ኪሎ ገደማ ትርፍ ጭነት ፍጆታህን በ1 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል፣ መኪናው ትንሽ ከሆነ ትንሽ ይበልጣል። አሁን አስላው። ቫንህ በ100 ኪ.ሜ 12 ሊትር ትጠጣለች እንበል። 20 ኪ.ሜ የራቀ ደንበኛ ደርሶ መልስ 40 ኪ.ሜ ነው፣ 4.8 ሊትር። ያ 45 ኪሎ መለዋወጫ በዚህ መንገድ ላይ የሚያስወጣህ 0.05 ሊትር አይሞላም። መለዋወጫው ስላልያዝክ ሌላ ቀን ብትመለስ ግን ሌላ 4.8 ሊትር፣ ሰዓቱን ሳልቆጥር።

ስለዚህ የሞተውን ኮምፕሬሰር አውርድ፣ ለብረት ገዢ ስጠው። ሪሌይ፣ ካፓሲተር፣ ቴርሞስታት፣ የውሃ ማስወጫ ፓምፕ፣ በብዛት የሚጠፋው ቺንጋ ግን ከቫኑ እንዳይጠፉ። የምትሠራውን ከኔ በላይ ታውቃለህ፣ ቶሎ ቶሎ የምትቀይረው የቱ እንደሆነ ያለፉትን ደረሰኞች ብታይ ይነግሩሃል።

እውነቱን ልንገርህ፣ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ላይ ማላላት ጥሩ ነው፣ ትልቁ ገንዘብ ያለው ግን መሄድ በማያስፈልግህ መንገድ ላይ ነው። ደንበኛ ሲደውል የማሽኑን ሞዴል ቁጥር የያዘውን ተለጣፊ ፎቶ አንሥቶ ይላክልህ። ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ አጭር ቪዲዮ። ሶኬት ላይ ሌላ ዕቃ ሰክቶ ኃይል መኖሩን ይይ። ልብስ ማጠቢያው ውሃ አልሳብ ካለ ቧንቧው መከፈቱን፣ አልደፋ ካለ ታች ያለውን ማጣሪያ አውጥቶ ይጠበው። ፍሪጁ አልቀዘቅዝ ካለ ጀርባው ያለው ቱቦ አቧራ እንደጠጣ፣ የበሩ ጎማ እንደለቀቀ ይይ። ከዛ ስትሄድ ግማሹን ምርመራ ጨርሰህ ነው የምትሄደው። ከመነሳትህ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለህ ደውል፣ ካላነሣ አትነሳ።


ቧንቧ ብቻ፦

ይሄ በስልክ መመርመሩ ላይ አልስማማም። ማጣሪያውን እጠበው ብለህ ነግረኸው ከተስተካከለለት ሥራህን በነፃ ሰጠኸው። ለእውቀትህ ማን ይከፍልሃል?


ኤሌክትሪሺያኑ፦

ማጣሪያ ለማጠብ ከተማ አቋርጠህ ሄደህ ስንት ልትጠይቀው ነው? ትንሽ ጠየቅከው፣ ከሰርክ። ብዙ ጠየቅከው፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሌባ ነው ይልሃል። በስልክ የተረዳ ሰው ሌላ ቀን ማሽኑ በእርግጥ ሲበላሽ ለማን ይደውላል መሰለህ። በዛ ላይ የቪዲዮ ምክር በትንሽ ክፍያ መስጠት የጀመሩም አሉ፣ ለሱ ደግሞ ነዳጅ አያስፈልግም።

እኔ በነገራችን ላይ ብዙውን ሥራ በሞተር ሳይክል ነው የምሄደው። ትንሽ ሞተር በ100 ኪ.ሜ 2 እና 3 ሊትር ብትጠጣ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ፣ ብሬከር፣ ሶኬት ሁሉ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ላንተ ግን አልመክርም፣ በሞተር ሄደህ አይተህ በቫን ተመልሰህ ብትሠራ ያው ሁለት መንገድ ሆነ።


ሂሳብ ያዥዋ፦

ባለቤቴ አናጺ ነው፣ ሂሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ከቁጥሩ በኩል ልግባ። ወንድሜ፣ ዋጋ ለመጨመር የፈራኸው ምን ያህል መጨመር እንዳለብህ ስላላሰላኸው ይመስለኛል። ነዳጅ 20 በመቶ ሲጨምር ሰው የኔም ዋጋ 20 በመቶ መጨመር አለበት ብሎ ያስብና ይደነግጣል። እንደዛ አይደለም። ከምታስገባው 100 ውስጥ 15ቱ ለነዳጅ ይሄዳል እንበል። ነዳጅ በ20 በመቶ ጨመረ፣ 15 የነበረው 18 ሆነ። የጎደለህ 3 ነው። ዋጋህ ላይ 3 በመቶ ብትጨምር ተመጣጠነ፣ 3 በመቶ ተጨመረ ብሎ የሚሸሽ ደንበኛ ደግሞ ብዙ አላየሁም።

ዝም ካልክ ግን ያ 3 የሚወጣው ከትርፍህ ላይ ነው። ወጪህ ሁሉ ተቀንሶ ከ100ው የሚተርፍህ 30 ከሆነ፣ ከትርፍህ አሥር እጅ አንዱ ሄደ ማለት ነው። ነዳጅ ደግሞ ደጋግሞ ነው የሚጨምረው፣ አንዴ ዝም፣ ሁለቴ ዝም ስትል እንዴት እንደሚሆን አስበው። መለዋወጫውም በመኪና ተጭኖ ስለሚመጣ እሱም ተከትሎ ይወደዳል።

ይህን ለማስላት ግን የራስህን ቁጥር ማወቅ አለብህ። ታንከሩን ሙላ፣ ኪሎሜትሩን ጻፍ፣ እንደ ወትሮህ ሥራ፣ እንደገና ስትሞላ የገባውን ሊትር በሄድከው ኪሎሜትር አካፍለህ በ100 አባዛ። በ100 ኪ.ሜ ስንት ሊትር እንደምትፈጅ ይወጣልሃል። ደጋግመው፣ አንዴ ብቻ ከሆነ ያሳስታል። ቁጥሩ ሳይታሰብ ከፍ ካለ ደግሞ መኪናው ታሟል፣ ያኔ የጋራዡ ልጅ ጋ ሂድ።

ሌላው ቀጠሮ ነው። ባለቤቴ በፊት ማንም በደወለ ቁጥር ይነሳ ነበር። አሁን እያንዳንዱ አቅጣጫ የራሱ ቀን አለው። ሩቅ ያለ ሰው «በዚህ ቀን ወደናንተ በኩል ነኝ፣ ያን ቀን ከሆነ መምጫው ይቀንሳል፣ ዛሬውኑ ካሉ ግን ሙሉውን ነው» ይባላል። አብዛኛው ሰው ይጠብቃል፣ የቸኮለ ይከፍላል። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ነገር እንደሚበላሽ ይገባኛል፣ ያንተ ሥራ ከበርና መስኮት ይልቅ አስቸኳይ ነው፣ ግን ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሁለት ቀን ቢቆይ የሚሞት የለም።

ጠዋት ሲነሳ ደግሞ ሩቁን አስቀድሞ ወደ ቤት እየቀረበ ይሠራል። ሞተር ቀዝቃዛ ሆኖ በአጭር በአጭሩ መነሳትና መቆም ነዳጅ ይፈጃል፣ አንዴ ሞቆ ተከታትሎ ሲሠራ ይሻለዋል።


ፍሪጅ ጠጋኙ፦

እህቴ፣ የ3 በመቶውን ነገር ሳነበው ደነገጥኩ፣ በደስታ ነው የደነገጥኩት። እኔ እኮ ስፈራ የኖርኩት ሌላ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ብዙ ክፍል ያለው ሕንፃ አለ፣ ማሽኖቻቸውን ሁሉ በወር ቁርጥ ክፍያ ነው የማየው። ዋጋውን የተዋዋልነው ነዳጅ እንዲህ ሳይሆን ነው። መሐል ላይ ጨምሩልኝ ማለት ነውር ይሆንብኛል።


ቧንቧ ብቻ፦

ነውር የለውም፣ ግን ውሉ እስኪያልቅ ያለውን አክብር። ሲታደስ አንድ መስመር አስገባ፣ «ነዳጅ ውሉ ከተፈረመበት ቀን ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ የመምጫው ክፍል እንደገና ይታያል» የምትል። ዝቅ የምትለዋን አትርሳ፣ ነዳጅ ሲወርድ ለነሱም እንደሚቀንስ ሲያዩ ነው የሚፈርሙት። እስከዛው በየጥሪው አትሂድ፣ ጥቃቅኑን ሰብስበው በአንድ ቀን ይስጡህ፣ አስቸኳዩን ብቻ ለብቻው።


ሂሳብ ያዥዋ፦

ውሉ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ንገራቸው፣ በመጨረሻው ሳምንት አይሁን። ወደ ሕንፃው የሄድክበትን ቀንና የፈጀኸውን ነዳጅ ወረቀት ላይ መዝግበህ ብትይዝ ክርክሩ ያጥራል። በነገራችን ላይ ቺንጋውን በጅምላ የምታገኝበት ቦታ ካለህ ሕንፃው ውስጥ ባለው ዕቃ ቤት አንድ ሳጥን ብታስቀምጥ ይፈቅዱልህ ይሆናል፣ ጠይቃቸው።