የተውነውን የድንጋይ ጉድጓድ ማን ይድፈነው?

የአዘዞው ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዘዞ አካባቢ ድንጋይ የምናወጣ ወጣቶች ማህበር ሰብሳቢ ነኝ። አስራ አራት ነን። በዲጂኖና በመዶሻ ነው የጀመርነው። አሁን ሲኖትራክ በየቀኑ ይጭናል። ድንጋዩ ጥቁር ባዛልት ነው፣ ጠንካራ፣ ገበያም አለው።

የከበደኝ አሮጌው ካባ፣ ማለትም ድንጋይ ያወጣንበት ጉድጓድ ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ ትተነው ወደ ላይ ተሻገርን። ክረምት ሲገባ ውሃ ሞላው። ባለፈው ነሐሴ የጎረቤታችን ጥጃ ገባችበት። ስደርስ ጆሮዋ ብቻ ይታይ ነበር። በገመድ ጎትተን አወጣናት፣ ግን አልተረፈችም። ባለቤቷ ትልቅ እናት ናቸው። አልተቆጡም። «ልጅ ቢሆንስ ኖሮ?» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ስብሰባ ጠርቼ ከየጭነቱ ትንሽ ቆርጠን እንድፈነው አልኩ። «መሬቱ የመንግሥት ነው፣ መንግሥት ይድፈነው» አሉኝ። ክፉዎች አይደሉም። የቤት ኪራይ አለባቸው፣ ልጅ ያሳድጋሉ። እንዴት ላሳምናቸው?

ጂኦሎጂ የተማረች፦
ወንድሜ፣ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ ለአካባቢው ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመድብ ይጠይቃል። ይህን አንብብላቸው። ወጪው ግን እንደፈሩት ላይሆን ይችላል። በአዲሱ ካባ ከላይ የምትጠርጉትን አፈርና ፍርስራሽ የትም ከምትደፉት አሮጌው ውስጥ ጨምሩት። ጥቁሩን አፈር ግን ለብቻው ከምሩ። መጨረሻ ላይ ከላይ የሚለብሰው እሱ ነው። ከፍርስራሹ ጋር ከተደባለቀ ሣር እንኳ በደንብ አይበቅልበትም። እስከዚያው ዙሪያውን በእሾህ እጠሩት። ዛሬ ነገ አትበሉ።

የካባ አለቃ የነበረ፦
ልጄ፣ አደጋ ያለው የምትቆፍሩት ላይ ብቻ አይደለም፣ የተዋችሁት ላይም ነው። ብራዚል ውስጥ ብሩማዲንዮ በሚባል ቦታ በ2019 እ.ኤ.አ. የብረት ማዕድን ዝቃጭ የያዘ ግድብ ተንዶ 270 ሰው ሞተ። ግድቡ ሥራ ያቆመ ነበር። የሠራተኞቹ ምግብ ቤት ከሥሩ ነበር፣ በምሳ ሰዓት ነው የደረሰባቸው። እዚያ ያሉት አለቆች ትልቅ ኩባንያ ይመሩ ነበር፣ አንተ አስራ አራት ሰው ትመራለህ። ጥያቄው ግን አንድ ነው።

መጀመሪያ የጥጃዋን ካሳ ክፈሉ። ስብሰባውንም ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ጉድጓዱ አፍ ላይ አድርገው።

ሲኖ አጫኝ፦
ከየጭነቱ መቁረጥ ያጣላችኋል፣ አይቻለሁ። በወር አንድ ቀን የሁላችሁም ጉልበት ይሁን። ገንዘብ ሲቆረጥ ያኮረፈ ሰው ጓደኛው አካፋ ይዞ ሲያየው ቁጭ አይልም።

የአዘዞው ሰብሳቢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ጉድጓዱ ዳር ተሰበሰብን። እናትየዋንም ጠራኋቸው። ጥጃዋን ለመክፈል ሁሉም ተስማሙ። በወር አንድ ቀን መሥራቱን ሦስት ልጆች አልተቀበሉም፣ እያነጋገርኳቸው ነው። እሾሁን ትናንት ቆርጠን አምጥተናል፤ በደቡብ በኩል ያለው ዳር ታጥሯል።