ለልጅ ግማሽ ሊትር ካልቀረ ወተት አይረከብ? (ክርክር)

መነሻ፦ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለው አባል በቀን ግማሽ ሊትር ወተት ለልጁ ካላስቀረ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ አይረከበው የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ከደብረ ብርሃን እስከ ጫጫና አንጎለላ ወተቱ ብር ያመጣል፣ ልጁ ግን በዳቦና በሻይ ነው የሚያድገው የሚል ነው ክሱ። ደጋፊም ተቃዋሚም ምክንያቱን ይጻፍ፤ ስድብ ይሰረዛል።

የኬጂ መምህርት፣ ጫጫ፦
እደግፋለሁ። የአራት ዓመት ልጅ ምሳ ዕቃ ከፍቶ ማየት ይበቃል፤ ዳቦ፣ ሻይ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ሲደላ ፓስታ። ላሟ ደጅ ታስራ እያለች! ምክር ሲሰጥ ሁሉም «እሺ» ይላል፤ ጠዋት ግን ወተቱ እንዳለ ወደ መረከቢያው ይሄዳል። ግዴታ ከሆነ እናትየዋም ባሏን «ደንቡ ነው» ብላ የምትይዘው ነገር ታገኛለች።

ወተት አርቢ፣ ባሶና ወራና፦
እህቴ፣ የምታወሪው ድቅል ላም ስላለው ሰው ነው። የአበሻ ላም ደህና ታለበች ከተባለ በቀን አንድ ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሊትር ናት፤ ጥጃውም ድርሻ አለው። ከዚያ ላይ ግማሽ ሊትር ስታነሺ ሩቡን ወይም ሲሶውን ወሰድሽ። አሥር ሊትር የሚያልበው ደንቡ መኖሩም አይሰማው። ደግሞስ መረከቢያው ላይ በላክቶሜትር ውሃ መግባቱ ይታወቃል፣ በአልኮል ተፈትኖ ሊበላሽ የደረሰው ይመለሳል። ልጁ መጠጣቱ በምን ይለካል? ሁሉም «አስቀርቻለሁ» ይላል፣ አለቀ።

ጤና መኮንን፣ ደብረ ብርሃን፦
ሁለታችሁም ቁጥሩን ሳትጠይቁ ተቀበላችሁት። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ የላም ወተት የእናት ጡትን ይተካ ማለት አደጋ ነው፤ ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጡት ለማይጠባ ከ6 እስከ 23 ወር ላለ ልጅ፣ ሥጋና እንቁላል በበቂ ካገኘ በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሊትር፣ ካላገኘ ከ300 እስከ 500 ይላል። ስለዚህ ግማሽ ሊትር ጣሪያው እንጂ መነሻው አይደለም።

ጣሪያ የሆነበት ምክንያት ብረት ነው። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 7 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይፈልጋል። ግማሽ ሊትር ወተት ሩብ ሚሊ ግራም ቢሰጥ ነው፤ ካልሲየሙ ደግሞ ከምስሩ የሚገኘው ብረት በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ቀኑን ሙሉ ጡጦ ይዞ የሚውል የሁለት ዓመት ልጅ ጉንጩ ሙሉ ሆኖ መዳፉ በደም ማነስ ገርጥቶ ይገኛል። ምሳ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል፣ ሆዱ በወተት ተሞልቷላ። ከዚያ «እህል አይወድም» ተብሎ አሁንም ወተት ይጨመርለታል።

የኬጂ መምህርት፦
ታዲያ ወተት ይቅር ልንል ነው? ለአርቢው መሣሪያ ሰጠኸው እኮ።

ጤና መኮንን፦
ይቅር አልወጣኝም። ከአንድ ዓመት በላይ ላለ ልጅ አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር፣ ወደ 8 ግራም ፕሮቲንና 300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይሰጣል፤ ቀላል አይደለም። አሰጣጡ ግን ይታሰብበት፦ በኩባያ እንጂ በጡጦ አይሁን፣ በምግብ መካከል ባለው ሰዓት ይሰጥ፣ ከምስርና ከሽሮ ጋር አይደረብ። ሻይ አይቀላቀልበት፤ ሻይም ብረቱን ይይዘዋል። ጥሬውን መስጠት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፣ ብሩሴላ የሚባል ጀርምና የላም ቲቢ አለበት። እርጎም ቢሆን ከጥሬ ወተት ከረጋ መኮምጠጡ ብቻ አያድነውም፤ ወተቱ ገንፍሎ፣ ቀዝቅዞ ነው መርጋት ያለበት።

ቅቤ ለሚሸጥ ቤት አንድ ነገር ልጨምር። ተንጦ ቅቤው ሲወጣ ፕሮቲኑና ካልሲየሙ አብዛኛው አሬራው ውስጥ ይቀራል፤ ከቅቤው ጋር የሚሄደው ስቡና ቫይታሚን ኤ ነው። ወተቱ ከመናጡ በፊት ፈልቶ ከሆነ አሬራ ለልጅ የተናቀ መጠጥ አይደለም፤ ገንፎው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ጣል ይደረግለት።

ወተት አርቢ፦
እኔስ ምን አልኩ? በወተቱ ብር ምስር፣ ዘይት፣ እንቁላል ይገዛል። ካልሆነም ቆሎ አለ፣ ሽምብራ አለ።

የኬጂ መምህርት፦
ቆሎማ በጭራሽ! ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎም የተቆላ ሽምብራም ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። ተፈጭቶ በሶ ይሁንለት።

የልማት ሠራተኛ፣ ሸዋ ሮቢት፦
ስለ ወተት ብቻ መከራከራችሁ ይገርመኛል። ደጋው ገብስና ባቄላ አለው፣ ቆላው ማሾ የሚባለው ጥራጥሬ። ለልጁ ገንፎ ሦስት እጅ ገብስ ወይም ስንዴ፣ አንድ እጅ ማሾ ወይም ባቄላ። ጥራጥሬው አድሮ ይነከራል፣ ይላጣል፣ ይደርቃል፣ ይታመሳል፣ ከእህሉ ጋር ይፈጫል። ቅርፊቱን ሳትለቁ የፈጫችሁ እንደሆነ የልጁ ሆድ ይነፋል፣ ጥፋቱ ደግሞ በማሾው ይላከካል።

ትልቁ ችግር የገንፎው ቅጥነት ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሆዱ በአንዴ የሚይዘው 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ እሱን በቀጭን አጥሚት ከሞላችሁት ውሃ አጠጣችሁት ማለት ነው። ወፍራም ሲሆን ደግሞ ሕፃኑ መዋጥ ያቅተዋል። መፍትሔው የጠላ ቤት ዕቃ ነው፤ ብቅል። ሻጋታ ያልነካው የገብስ ብቅል ሥሩ ታሽቶ ይረግፍና ይፈጫል። ገንፎው ወፍሮ ይበስላል፣ ከእሳት ይወርዳል፣ መፍላቱን ሲተው አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ይገባበትና ይማሰላል። በደቂቃዎች ውስጥ ውሃ ሳይጨመር ይላላል። ከዚያ ተመልሶ መፍላት አለበት፣ ብቅሉ ጥሬ ስለሆነ ጀርም ያስገባል። ገና እየፈላ እያለ ከጨመራችሁት ግን አይሠራም፤ ሙቀቱ የሚያላላውን ነገር ይገድለዋል።

ዲያቆን፣ አንኮበር፦
ጾሙን ማንም አላነሳውም። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለውን ልጅ ጹም ብላ አታስገድድም። ሕፃናት በፍልሰታ ለቁርባን መቆየታቸው ሌላ፣ የሦስት ዓመት ልጅ ለ55 ቀን ወተት መከልከሉ ሌላ። ይህ የቤት ልማድ ነው።

ወተት አርቢ፦
አባቴ፣ እውነት ተናገሩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከተማው ወተት አይፈልግም፣ ዋጋው ይወርዳል። ቤት ውስጥ ወተት የሚተርፈው ያኔ ነው። ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ለፋሲካ ይጠራቀማል፤ ልጁ ሽሮ ይበላል። ማኅበሩ እዚህ ውስጥ ምን ጥፋት አለው?

የኬጂ መምህርት፦
እናቶች የሚሉት ስለ ዕቃው ነው፤ ድስቱን ፍስክ ይነካዋል ይላሉ።

ጤና መኮንን፦
ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ኩባያና አንድ ማንኪያ ለብቻ ይቀመጡለት፤ ወጪው ይኸው ነው። እንቁላሉም ከነቅርፊቱ በዚያችው ድስት ይቀቀል።

የኬጂ መምህርት፦
ሐሳቡን አልተውኩም፣ ላሻሽለው። ግማሽ ሊትሩ ይቅርና ከአንድ ዓመት በላይ ላለ ልጅ አንድ ብርጭቆ ይባል፣ ከጾሙ ወራትም ይጀመር።

ወተት አርቢ፦
ለጾሙ ከሆነ አልቃወምም። በፍስኩ ግን በቀን ከሦስት ሊትር በታች የሚያልበው ነፃ ነው ተብሎ ካልተጻፈ ፊርማዬ የለበትም።