የሰሜን ተራሮች ፎቶዎቼ ከሜሞሪ ካርዴ ላይ ጠፉ፤ ነገ ከተራ ነውና እባካችሁ ፈጥናችሁ እርዱኝ

ጠያቂ (ጎንደር፣ ጥር 9፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ40)

ጤና ይስጥልኝ። በሰሜን ተራሮች አራት ቀን ቆይቼ ትናንት ማታ ጎንደር ገብቻለሁ። በሳንቃበር፣ በግጭ እና በጨነቅ ያነሳኋቸው 640 ያህል ፎቶዎች በሙሉ በአንድ ባለ 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ካርድ ላይ ነበሩ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ካርዱን ካሜራው ውስጥ ስከተው «ምስል የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ አሳየኝ። ጨነቅ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ስለነበር ካርዱን ያበላሸው ብርዱ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስባለሁ። ያለኝ ካርድ ይህ ብቻ ነው፤ ነገ ደግሞ ታቦታቱ ሲወርዱ ማንሳት አለብኝ። ካርዱን ፎርማት አድርጌ ልጠቀምበት ወይስ ፎቶዎቹን ለማዳን ሌላ መንገድ አለ?

ከሁሉም በላይ የምሳሳለት አንድ ፎቶ አለ። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ በገደሉ አፋፍ በደረቴ ተኝቼ ስጠብቅ አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ከገደሉ ወጥቶ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ከጀርባው ስለነበረች የጎፈሩ ጠርዝ ፀጉር በፀጉር ይታይ ነበር። ውርጭ ያረፈበትን ሣር በጣቶቹ ሲነጭ ቆይቶ ድንገት ቀና አለና የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን አሳየኝ፤ ትንፋሹም በብርዱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ወጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ፎቶ ይህ ነበር።

የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ

አይጨነቁ። ካርዱን ፎርማት ያድርጉትና የጠፉ ፋይሎችን በሚያስመልስ ፕሮግራም ያስመልሱ። ለብዙ ደንበኞች የሠራሁት በዚሁ መንገድ ነው።

የአዘዞ አባል

እህቴ፣ እባክዎን ይህን ምክር አሁን አይከተሉ። በካርዱ ላይ አንድም አዲስ ፎቶ አያንሱ፣ ፎርማትም አያድርጉት፤ ከካሜራው አውጥተው ያስቀምጡት። ፈጣን የሚባለው ፎርማት በአብዛኛው የሚያጠፋው የፋይሎቹን ማውጫ ስለሆነ ምስሎቹ ራሳቸው ለጊዜው እዚያው ይቆያሉ፤ ነገር ግን በላያቸው አዲስ ነገር የተጻፈ ዕለት የሚመለሱበት መንገድ የለም። አንዳንድ ካሜራዎች ደግሞ ሁሉንም ነገር ከሥሩ የሚጠርግ ሌላ ዓይነት ፎርማት ስላላቸው፣ የትኛው እንደተመረጠ ሳያውቁ ቁልፉን መጫን አደጋ ነው። ነገ የሚያነሱበትን ካርድ ከሰው እንፈልግልዎታለን፤ ይህኛው ግን ይረፍ።

በፊልም ዘመን የጀመርኩ ፎቶ አንሺ

ልጄ፣ ሐዘንሽ ይሰማኛል፤ ነገር ግን ለሌሎችም ስለሚጠቅም ይህን ልናገር። እኛ አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ብቻ በሚይዝበት ዘመን ተራራ ስንወጣ እንኳ ጥቅሎቹን በሁለት ቦታ ከፍለን እንይዝ ነበር፤ አንዱ ቦርሳ ውኃ ቢገባበት ሌላው እንዲተርፍ። የአራት ቀን ድካም በአንድ የጥፍር ስፋት ባለው ካርድ ላይ ማኖር ተገቢ አይደለም። አንድ ባለ 64 ከመያዝ አራት ባለ 16 መያዝ ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ የሚጠፋው የአንድ ቀን ሥራ ነውና። ካሜራሽ ሁለት የካርድ ቦታ ካለው ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ምስል እንዲጽፍ አስተካክይው። ከጉዞ ስትመለሺ ደግሞ እግርሽን ሳትታጠቢ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጪ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከቤት ውጭ፤ ሙያው የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ጠያቂ

አባቴ፣ ምክርዎን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ከዛሬ በኋላም እንዲሁ አደርጋለሁ። አሁን ግን የጠፋውን ስለማዳን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የፊዚክስ መምህር

ጥያቄው የተነሳበት ግምት ትክክል አይመስለኝምና ይቅርታ አድርጉልኝ። ብርድ ሜሞሪ ካርድ አይገድልም። በብርድ የሚዳከመው ባትሪ ነው፤ በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ስለሚዘገይ ሙሉ የነበረ ባትሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያለቀ ይመስላል፣ በብብት ሲሞቅ ደግሞ መልሶ ይሠራል። ካርድ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ብዙዎቹ አምራቾች ከዜሮ በታች እስከ 25 ዲግሪ ድረስ እንደሚሠራ ይገልጻሉ። ጨነቅ በግምት 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆንም ሌሊቱ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ላይ አይደርስም። ከብርድ ሊፈራ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ የቀዘቀዘ ካሜራ ድንገት ሞቃት ክፍል ሲገባ በሌንሱና በካርዱ ማስገቢያ ላይ ጤዛ ይቋጠራል። መፍትሔው ካሜራውን በተዘጋ ላስቲክ ወይም ቦርሳ ውስጥ እንዳለ እስኪሞቅ ማቆየት ነው። ስለዚህ ብርዱን ትተን ሌላ ምክንያት ብንፈልግ ይሻላል። ካርዱ ከተራራው ከወረደ በኋላ የት የት ገባ?

የደባርቅ አስጎብኚ

እንኳን በሰላም ወረዱ። ጭላዳው ቤቱን አልቀየረም፤ ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድሮ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣልና ከዚያው አፋፍ እንደገና እናገኘዋለን። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ከመጡ ያንኑ ቦታ አሳይዎታለሁ።

ጠያቂ

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጭላዳው እንደሚገኝ አልጠራጠርም፤ ያ ብርሃን ከዚያ ትንፋሽና ከዚያ ቀና ማለት ጋር ዳግመኛ ይገጥማል ብዬ ግን ተስፋ አላደርግም።

የአዘዞ አባል

መምህሩ የጠየቁት ጥያቄ ዋናው ነው። እኔም ሁለት ነገር ልጨምር። ካርዱ ባዶ ሲሆን ካሜራዎ ስንት ፎቶ ይቀራል ይልዎት ነበር፣ አሁንስ ስንት ይላል? ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱትስ ምን ያያሉ?

ጠያቂ

ባዶ ሳለ 1,630 ገደማ ይል ነበር። አሁን 990 ይላል። ላፕቶፔ ላይ ስከፍተው በካርዱ ስም የተሰየመ አንድ ሾርትከት (አቋራጭ ማስከፈቻ) ብቻ ይታያል፤ ፀረ ቫይረሱ አንድ ፋይል አስወግጃለሁ አለኝ፤ ሾርትከቱን ስነካው ደግሞ አይከፈትም። ካርዱ የገባበት ሌላ ቦታ የለም፤ ዛሬ ጠዋት ብቻ እዚህ ከተማ ፎቶ ማተሚያ ቤት ወስጄው ነበር። አብሮኝ ለወጣው ስካውት (የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ) በገደሉ ጫፍ ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሞ ያነሳሁትን ፎቶ አትሜ እልክልሃለሁ ብዬ ቃል ስለገባሁለት ነው። ፎቶው በጥሩ ሁኔታ ታትሞልኛል። ይህን ያልጻፍኩት ከችግሩ ጋር ይገናኛል ብዬ ስላላሰብኩ ነው።

የአዘዞ አባል

እህቴ፣ ደስ ይበልዎት፤ ፎቶዎቹ ካርዱ ላይ እንዳሉ አምናለሁ። ዛሬ ጠዋት ፎቶ ከታተመበት ካርዱ ጨነቅ ላይ አልተበላሸም። ከ1,630 ላይ 640 ሲቀነስ ደግሞ በትክክል 990 ይመጣል፤ ምስሎቹ ተሰርዘው ቢሆን ኖሮ ካሜራው ቦታው ባዶ ነው ይልዎት ነበር።

የሆነው ነገር ይህ ይመስለኛል። በማተሚያ ቤቶች ኮምፒውተር ላይ በየቀኑ የብዙ ሰው ፍላሽና ካርድ ስለሚሰካ፣ ባለቤቶቹ ሳያውቁት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛመት የታወቀ ቫይረስ አለ። ቫይረሱ ፎልደሮችን አያጠፋም፤ ሁሉንም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ይከትና ይደብቃቸዋል፣ በምትካቸውም ሾርትከት ያስቀምጣል። ሰው ሾርትከቱን ሲነካ ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። የእርስዎ ፀረ ቫይረስ ተባዩን ቢያስወግድም የተደበቀውን ፎልደር አልመለሰም፤ ሾርትከቱ የማይከፈተውም ለዚህ ነው። ካሜራው ደግሞ ምስል የሚፈልገው ዲሲአይኤም በሚባለው ፎልደር ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ፎልደሩ ከቦታው ሲነሳ «ምስል የለም» ይላል።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። በመጀመሪያ በካርዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ወደ መዝጊያው በኩል ይግፏት፤ ያን ጊዜ ካርዱ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ላፕቶፕዎ ላይ የፎልደር ማሳያ ማስተካከያውን ይክፈቱና የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ይፍቀዱ፤ ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ከዚያው ዝርዝር ዝቅ ብሎ የሲስተም ፋይሎች እንዲደበቁ የሚያደርገው ሳጥን ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ፤ ኮምፒውተሩ ያስጠነቅቅዎታል፣ እሺ ይበሉት። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ይህን ሁለተኛውን ስለማያደርግ ነው። ያን ጊዜ ስም የሌለው ደብዘዝ ያለ ፎልደር ይታያል። ገብተው ሁሉንም ወደ ላፕቶፑ ይገልብጡ። በእኔ ግምት 23 ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆን በቂ ቦታ እንዳለዎት አስቀድመው ይመልከቱ።

የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ

ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። አሁንም የምለው ፎርማት አድርገው በፕሮግራም ያስመልሱ ነው፤ ቫይረሱም አብሮ ይጠፋል።

የፊዚክስ መምህር

ወንድሜ፣ ሙያዎን አከብራለሁ፤ ሆኖም ያለን ነገር አጥፍቶ እንደገና መፈለግ ለምን ያስፈልጋል? ማስመለሻ ፕሮግራም የመጨረሻው አማራጭ ነው። ያ ሰዓት ቢመጣ እንኳ ፎቶሬክ የሚባለውን በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ያለ ምንም ፎርማት መጠቀም ይቻላል፤ የሚያገኛቸውን ምስሎች ወደ ሌላ ዲስክ እንጂ ወደዚያው ካርድ መጻፍ አይገባም። በዚህ መንገድ የሚመለሱ ፋይሎች የቀድሞ ስማቸውንና ቅደም ተከተላቸውን ያጣሉ፤ 640 ፎቶ እንደገና መለየት ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም።

ጠያቂ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ቁልፏን ዘግቻለሁ። ነገር ግን ሰፈራችን መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ አርጅቶ ያለ መብራት አይሠራም። እስከ ጠዋት መጠበቅ ይኖርብኛል?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

አይኖርብሽም እህቴ። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ ካርድ ሪደሩን (የካርድ ማንበቢያውን) በኦቲጂ ማያያዣ፣ ማለትም የዩኤስቢ ዕቃን ከስልክ ጋር በሚያገናኝ ገመድ፣ ስልኩ ላይ ሰክተሽ የፋይል ማስተዳደሪያውን ክፈቺ። ቫይረሱ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ በስልክ ላይ አይሠራም፤ የዊንዶውስ መደበቂያ ምልክትም እዚያ ዋጋ የለውም፣ ስም የሌለውን ፎልደር በግልጽ ታይዋለሽ። ስልኩ ካርዱን አላውቀውም ካለሽ አትደንግጪ፤ የቆዩ ስልኮች በትልልቅ ካርዶች ላይ ያለውን አደረጃጀት አያነቡም፤ ካርዱ ላይ አስተካክል ወይም ፎርማት አድርግ የሚል ጥያቄ ከመጣ ግን እንቢ በይው። ሌላም ነገር ልንገርሽ፤ ጥሬ ፋይሎቹ (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጣቸው፣ RAW የሚባሉት) ስልክ ላይ ያለ ምስል፣ ባዶ ወረቀት መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ያ የመበላሸት ምልክት አይደለም። ስልኩ ላይ ቦታ ከሌለሽ የዚያን የጭላዳውን ንጋት ብቻ አስቀድመሽ ገልብጪ።

ጠያቂ

ኦቲጂ ማያያዣ የለኝም፤ የጎረቤታችን ልጅ ግን እንዳለው አውቃለሁ። አሁኑኑ ልጠይቀው እየሄድኩ ነው። የሚሆነውን እጽፍላችኋለሁ፤ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

የማራኪ አባል

ለነገው አትጨነቂ። የማልጠቀምበት ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ አለኝ፤ አንቺ በምታነሺበት መጠን 800 ያህል ፎቶ ይይዛል። በግል መልእክት ብትጽፊልኝ ነገ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ፒያሳ አደርስልሻለሁ፤ ታቦታቱ ከመውጣታቸው በፊት ይደርስልሻል። ከምንም በፊት በራስሽ ካሜራ ውስጥ ፎርማት አድርጊው፤ ይህኛው ባዶ ስለሆነ ፎርማት ማድረግ ተገቢ ነው። ሁሉንም ከተራ ላይ እንዳትጨርሺው አደራ፤ በነጋታው ጠዋት ከፋሲል መዋኛ ዙሪያ በግንቡ ላይ ከተጠማዘዙት የዛፍ ሥሮች በኩል የሚመጣው ብርሃን ውኃው ሲረጭ ጠብታውን አንድ በአንድ ያሳያል።

በፊልም ዘመን የጀመርኩ ፎቶ አንሺ

ልጄ፣ ቅድም ጠጠር ያለ ነገር ተናግሬሽ ከሆነ ይቅር በይኝ። ለስካውቱ የገባሽውን ቃል መጠበቅሽ ደስ አሰኝቶኛል። ከእንግዲህ ለማሳተም ስትወስጂ ዋናውን ካርድ ይዘሽ አትሂጂ፤ የምታሳትሚውን ፎቶ ብቻ በፍላሽ ያዥ፣ ካልሆነም ያችን ቁልፍ ዘግተሽ ስጪ።

የደባርቅ አስጎብኚ

አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ብዙ ማተሚያ ቤቶች ሥራ እንዲፈጥንላቸው ካርድ ሲቀበሉ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ኮምፒውተራቸው ይገለብጡና ነው የሚያትሙት። ስልኩ እንቢ ካለዎት፣ ዛሬ ያተመልዎት ልጅ ገልብጦት እንደሆነ ይጠይቁት፤ ቀን ካለፈ ቦታ ለማስለቀቅ ያጠፉታል፣ ነገም በበዓሉ ምክንያት ቶሎ ሊዘጉ ስለሚችሉ ማልደው ይሂዱ። የታተመውንም ፎቶ ወደ ደባርቅ በሚመጣ መኪና ቢልኩልኝ ለስካውቱ በእጁ አደርስልዎታለሁ።